ከትምህርት ቤቱ በፊት ሰፈሩን ምረጪ፦ ከጂኦግራፊ ወደ ከተማ ፕላን ለምትሻገር እህት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ተመርቄ፣ ከጥር 2014 ጀምሮ አራዳ ክፍለ ከተማ በአንድ ወረዳ የመሬት ነክ ሥራ ላይ ነኝ። የምኖረው አብነት ነው። በከተማና ክልላዊ ፕላን ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ሥዕል አልችልም፣ አውቶካድ የሚባለውን የንድፍ ሶፍትዌርም ነክቼ አላውቅም። አለቃዬ «ሲቪል ሰርቪስ ግቢ» ይሉኛል። ጓደኞቼ «ልደታ ካልሆነ ይቅርብሽ» ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ «ሥራሽን ልቀቂና የውጭ ስኮላርሺፕ ሞክሪ» ባይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላይ ያመጣውን ተጽዕኖ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? (ከአብነት)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሦስቱም ክፉ አልመከሩሽም፤ ግን ሁሉም የጀመሩት ከትምህርት ቤት ስም ነው። በዚህ ትምህርት ሰው የሚቆመው መግቢያው ላይ አይደለም። ኮርሱን ጨርሶ፣ ውጤቱ ደህና ሆኖ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ሲደርስ መረጃ አጥቶ ነው ዓመትና ሁለት ዓመት የሚቀመጠው። ስለዚህ ከዚያ ጫፍ እንነሣ፦ ከቤትሽ በእግርሽ የምትደርሺበት፣ 500 ሜትር በ500 ሜትር የሚሆን፣ ማለትም 25 ሄክታር የሆነ አንድ ሰፈር አሁኑኑ ምረጪ። ለአንቺ ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖት ያለው ክልል ይመቻል። ለማመልከቻው፣ ለስቱዲዮውም (ለንድፍ ልምምዱ)፣ ለመጨረሻው ጥናትም ይኸው አንድ ቦታ ያገለግልሻል።

ትምህርት ቤቶቹ ውስጣቸው የተለያየ መሆኑን ግን ማወቅ አለብሽ። ልደታ ያለው ግቢ፣ አሁንም ብዙ ሰው «ህንጻ ኮሌጅ» የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የህንጻ ቴክኖሎጂ ማስተማሪያ ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የህንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተብሏል። አነሳሱ እንደሚያሳየው እዚያ ከተማ የሚጠናው በመሳልና በመሥራት፣ በስቱዲዮ ነው። ስድስት ኪሎ ባለው የልማት ጥናት ትምህርት ደግሞ የክልላዊና አካባቢያዊ ልማት ጥናት አለ፤ የእሱ ክብደት ኢኮኖሚ፣ ስታቲስቲክስና ፖሊሲ ላይ ነው። ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ለመንግሥት ሠራተኛ የቀረበ ነው፤ የከተማ አስተዳደርና ሥራ አመራር ያይላል። የሚከፈቱት ፕሮግራሞችና ስማቸው ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ በስሙ አትወስኚ። የኮርስ ዝርዝሩን ከትምህርት ክፍሉ ጠይቀሽ ክሬዲቱን ቁጠሪ፦ ስቱዲዮ ስንት ይዟል? የቁጥር ትንተና ስንት? ሕግና አስተዳደርስ? ክሬዲቱ ሲደመር ትምህርቱ ምን እንደሆነ ይነግርሻል።

ፍርዳችንን ከፈለግሽ፣ ላንቺ ስቱዲዮ ያለበትን እናስቀድማለን። አራት ዓመት በመሬት ቢሮ የሠራ ሰው ይዞታ፣ ሊዝ፣ ካሣና የፋይል አካሄድ ያውቃል፤ የአስተዳደር ትምህርት የምታውቂውን በጥሩ ቋንቋ ይነግርሻል። የጎደለሽ ፋይል ላይ ያለውን ቁጥር መሬት ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። ቢሮ ውስጥ ኃላፊ መሆን ዋና ዓላማሽ ከሆነ ግን አለቃሽ ትክክል ናቸው።

«ሥዕል አልችልም» ያልሽው እንዳያስጨንቅሽ። የፕላን ሥዕል የእጅ ጥበብ አይደለም፤ ልኬትና ምልክት ነው። አውቶካድም አሁን አያስፈልግሽም፤ በነጻ የሚወርደው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ኪውጂአይኤስ፣ ይበቃል። ከጂኦግራፊ የመጣ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ የሚቸገረው በስኬል ነው። 1፡10,000 ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር ነው፤ የመዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላ ከተማው ፕላን፣ ዓይን ይህ ነው። 1፡2,000 ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 20 ሜትር ነው፤ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚታየው እዚህ ነው። ያ 25 ሄክታርሽ በመጀመሪያው 5 ሳንቲ ሜትር በ5 የሆነች ትንሽ ካሬ ይሆናል፤ በሁለተኛው 25 በ25 ሆኖ ኤ3 ወረቀት ላይ በልኩ ይቀመጣል። ሁለቱንም አትመሽ ግድግዳሽ ላይ ለጥፊና በየትኛው ምን እንደሚጠፋ እዪ። 1፡10,000 ላይ የግቢ በርና የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ አይኖርም፤ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ኑሮው ያለው በዚያ መተላለፊያ ነው።

ሦስት ወር ቅዳሜና እሑድ ብትሠሪ አስር ወይም አስራ ሁለት ገጽ ኤ3 የሚሆን ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ) ይወጣሻል። መሠረቱ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ የሚወርድ መንገድና ህንጻ ነው፤ የመሀል ከተማው ሽፋን ለመነሻ በቂ ነው፤ ግን በቅርቡ የፈረሰና የተሠራ ስላለ እየዞርሽ ማረም አለብሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ህንጻ የፎቁን ብዛት፣ የመሬት ወለሉን አገልግሎት፣ የተሠራበትን ነገር ሙዪ። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ ጂ+4 የተባለ ህንጻ አምስት ወለል ነው፣ አራት አይደለም። 400 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ 240 ካሬ የያዘ ጂ+4 ካለ፣ የመሬት ሽፋኑ 60 በመቶ፣ ጠቅላላ የወለል ስፋቱ 1,200 ካሬ፣ ከይዞታው ጋር ያለው ምጣኔ 3 ነው። በአራት ወለል ብታስዪው 2.4 ይሆናል፤ ይህ ልዩነት 25 ሄክታር ላይ ሲደመር ሰፈሩን ሌላ ሰፈር ያደርገዋል።

አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ በከተማ ፕላኖቻችን የሚጠቀሰውን ክፍፍል ፈትኚ፦ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ለ25 ሄክታር 7.5፣ 7.5 እና 10 ሄክታር ማለት ነው። የሰፈርሽን እውነተኛ ቁጥር አጠገቡ አስቀምጪ። ጥያቄው ልዩነቱ ስንት ነው ብቻ ሳይሆን፣ የጎደለው ሄክታር ከማን ይዞታ ሊወጣ ይችላል የሚል ነው። ይህን መልሶ የመጣ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ አይጠየቅም።

የእግረኛ ቆጠራም ጨምሪ፤ ወጪው ጊዜሽ ብቻ ነው። ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡30 እና ከቀኑ 11፡00 እስከ 12፡00፣ በ15 በ15 ደቂቃ ከፍለሽ አንድ መስመር የሚያቋርጠውን ሰው ቁጠሪ። በ15 ደቂቃ 540 ሰው ካለፈ በደቂቃ 36 ነው። የእግረኛው መንገድ ስፋት 4 ሜትር ቢሆንም የመብራት ምሰሶው፣ ሊስትሮውና መሬት ላይ የተዘረጋው ሸቀጥ 1.6 ሜትር ከወሰዱ፣ ሰው የሚሄድበት 2.4 ሜትር ነው፤ ስለዚህ በሜትር በደቂቃ 15 ሰው። ዲዛይን የሚያወጣው ሰው የሚያስፈልገው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ቀኑን ግን ምረጪ፦ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ወር በገባ በ1 (ልደታ) ወይም በ24 (ተክለ ሃይማኖት) ያልዋለ። ያን ቀን ብትቆጥሪ የምትለኪው ምእመኑን ነው። ወይም ሆን ብለሽ ሁለቱንም ቁጠሪና አነጻጽሪ፤ ይህ ከማንም መማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ገጽ ይሆናል።

ስለ ተዳፋት የነጻ የሳተላይት ከፍታ መረጃ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። በ25 ሄክታርሽ ላይ ወደ 280 ነጥብ ብቻ ይኖርሻል ማለት ነው፤ የጎርፍ አቅጣጫ ለመገመት ይሆናል፤ የደረጃ መንገድ ለመንደፍ አይሆንም። ይህን ገደብ ከካርታው ሥር በአንድ መስመር ጻፊው።

ካርታ ስትደራርቢ የምትወድቂበትን ጉድጓድ አስቀድመን እንንገርሽ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገኝ አሮጌ ካርታ ብዙውን ጊዜ አዲንዳን በሚባለው መነሻ (የቦታ መጋጠሚያ ቁጥሮች በሚቆጠሩበት መሠረት) የተሠራ ነው፤ ከጂፒኤስና ከሳተላይት የሚመጣው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። አዲስ አበባ በሁለቱም የካርታ ክፍፍል ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ስለሆነች ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ሲደራረቡ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻሉ። 500 ሜትር ስፋት ባለው ሰፈር ላይ ይህ ማለት ግማሽ ሰፈር ሊደርስ ነው። ኪውጂአይኤስ ውስጥ የመጀመሪያው ኮድ 20137፣ የሁለተኛው 32637 ነው። ፋይሉ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ህንጻ ጥግ ይዘሽ በሁለቱም ሞክሪ። ካርታውን በእጅ ጎትቶ ማጋጠም የሚቀልል ይመስላል፤ ኋላ አዲስ ሽፋን በጨመርሽ ቁጥር እንደገና ትጎትቻለሽ።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ድህረ ምረቃ ለመግባት የመግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን ማለፍ አለብሽ፤ እንግሊዝኛ፣ የቁጥርና የማመዛዘን ጥያቄ ነው፤ የሚያሸንፈው ሰዓቱ ነውና ሰዓት ይዘሽ ተለማመጂ። ትምህርት ክፍሉ ከዚያ በላይ የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊያደርግ ይችላል። ለዚያ የአዲስ አበባን የፕላን ታሪክ ቅደም ተከተል ያዢ፦ እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የአበርክሮምቢ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ለገሃር የሚወርደውን መስመር ያጎላው የ1965ቱ የደ ማሪየን፣ የ1986ቱ የኢትዮ-ጣሊያን ማስተር ፕላን፣ የ2002ቱ ክለሳ፣ በመጨረሻም በእኛ ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. የሚሠራው መዋቅራዊ ፕላን። ሕግ ሲጠይቁሽ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 እና በ2000 ዓ.ም. የወጣውን የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሳታነቢ አትግቢ። የቀበሌ ቤት ከየት እንደመጣ ሳይገባው ስለ መሀል ከተማ መልሶ ማልማት የሚያወራ አመልካች ወዲያው ይታወቃል።

ማመልከቻ የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ ትራንስክሪፕት ነው። እጅሽ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ነው፤ የሚፈለገው ኦፊሻሉ ደግሞ ከተማርሽበት ሬጅስትራር ታሽጎ ለሚቀበልሽ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚላክ ነው። እሱ እንዲላክ፣ ዋናው ዲግሪም እንዲሰጥሽ የወጪ መጋራት ክፍያሽ መጠናቀቅ አለበት። በአራት ዓመት ደመወዝሽ ላይ ሲቆረጥ ከቆየ ቀሪውን አስልተሽ ክፈዪና ከገቢዎች ማጠናቀቂያ ደብዳቤ አውጪ። ማስታወቂያው ሲወጣ ይህን መጀመር ማለት ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ማለት ነው፤ የተማርሽው ክልል ከሆነ ደግሞ ምልልሱን አስቢው።

ሥራሽን አትልቀቂ፤ ቢያንስ የመቀበያ ደብዳቤና የገንዘብ ምንጭ በእጅሽ እስኪገባ ድረስ። የቀን ስቱዲዮ ከሥራ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ምርጫሽ ሁለት ነው፦ መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ሆኖሽ በቀን መማር፣ ወይም ከፍለሽ በማታና ቅዳሜ መማር። ስፖንሰር ከሆነልሽ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር እዪ፦ ለተማርሽበት ዓመት ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ትምህርቱ ቢዘገይ ደመወዙ ይቀጥል እንደሆነ፣ ዋስሽ የሚጠየቀው በምን ያህል እንደሆነ። ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ሰው ያመልጠዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘገየው ደግሞ በትክክል ያኔ ነው። የደመወዝ ጭማሪ እየጠበቅሽ ከሆነም እወቂው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከተለው መደቡን ነው። ዲግሪው ለተሻለ መደብ ለመወዳደር ያበቃሻል እንጂ በራሱ አይጨምርልሽም።

ወንድምሽ ያለው የውጭው መንገድ የማይሞከር አይደለም፤ ሳትለቂ ነው የሚሞከረው። እንዲያውም የሥራ ልምድሽ ነው ዋናው ካርድሽ። የጀርመኑ ዳድ ለልማት ነክ ትምህርቶች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻ ዲግሪሽም በአብዛኛው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ሐምሌ 2013 በእነሱ ሐምሌ 2021 ነው፤ ስለዚህ ይህ በር እስከ 2027 አካባቢ ነው ክፍት የሚሆንልሽ። በዚያ ሥር ዶርትሙንድ ያለው፣ አንደኛውን ዓመት እዚያ ሁለተኛውን በአጋር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የፕላን ማስተርስ ለእንዳንቺ ዓይነቱ ሰው የታሰበ ነው፤ በዓመቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጪ። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ሁለት ዓመት ወይም 2,800 ሰዓት ሥራ ይፈልጋል። በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ያለው አይቲሲ በካርታና በሳተላይት መረጃ፣ ሮተርዳም ያለው አይኤችኤስ በቤትና በከተማ ልማት ይታወቃሉ። ቀረብ ያለ ከፈለግሽ ዳሬሰላም ያለው አርዲ ዩኒቨርሲቲ አለ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ አታጥፊ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

ማመልከቻ ስትሞዪ ቀን መቁጠሪያው ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው የሚጨመረው። ሥራ የጀመርሽበት ጥር 2014 በእነሱ ጥር 2022 እንጂ 2021 አይደለም። የመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ አንድ፣ ማመልከቻሽ ሌላ ዓመት ካለ፣ የልምድ ማስረጃሽ ተዓማኒነት ያጣል። የስምሽ የላቲን አጻጻፍም በፓስፖርት፣ በዲግሪና በትራንስክሪፕት አንድ ይሁን፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከጎደለ አሁኑኑ አስተካክዪ።

አሁን ወደ ጥናትሽ። «የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላይ ያመጣው ተጽዕኖ» እንደ ርዕስ አይሠራም። ተጽዕኖ ለማለት ከመሠራቱ በፊት የነበረውን መለካት ያስፈልጋል፤ የቀድሞው መረጃ ከሌለሽ የሚቀርሽ ሰዎች ዛሬ ስለ ትናንት የሚያስታውሱት ነው። በጉግል ኧርዝ የቆየ ምስል መመለስ ይቻላል፤ የሚያሳይሽ ግን ጣሪያ ነው፤ አንድ ጣሪያ ሥር ስንት አባወራና ስንት ደባል እንደነበረ ከላይ አይታይም። ነጻው የሴንቲኔል ሳተላይት ምስል ደግሞ አንዱ ነጥቡ 10 ሜትር ስለሆነ የሁለት ሜትር ሱቅ ጭራሽ አያውቅም።

ሌላው ችግር ናሙና ነው። ተማሪ ሁሉ የሚጠቀምባት ቀመር አለች፦ ጠቅላላውን ቁጥር፣ አንድ ሲደመር ጠቅላላው በስሕተቱ ካሬ ተባዝቶ በሚገኘው ማካፈል። 1,200 አባወራ ቢኖርና ስሕተቱ 5 በመቶ ቢሆን 1,200 ለ4 ይካፈላል፣ 300 ይወጣል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን የ1,200ዎቹ ዝርዝር በእጅሽ ካለና በዕጣ ከመረጥሽ ነው። ከመሀል ከተማ የተነሣ ሰው እንደ ቦሌ አራብሳና ገላን ጉራ ባሉ የዳር ሰፈሮች ተበትኗል። የቀበሌ ቤት ተከራይና የግል ባለይዞታ የሚስተናገዱበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ደባል የነበረው ደግሞ ከዝርዝሩ ላይኖር ይችላል። በስልክ ያገኘሻቸውን 300 ሰዎች ብትጠይቂ የምታጠኚው በስልክ የሚገኙትን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአንቺ ቦታ ነው። የወረዳ የመሬት ሠራተኛ መጠይቅ ይዛ በር ስታንኳኳ፣ ቤት ያለው ሰው ሊፈርስብኝ ነው ብሎ፣ የሌለው ሊሰጠኝ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም መልስ መረጃ አይሆንም። በምትሠሪበት ወረዳ መጠይቅ አትበትኚ። አብነት ከአራዳ ውጭ መሆኑ በዚህ በኩል ጠቅሞሻል። ቢሮሽ ውስጥ የምታገኚውን ፋይልም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለጥናት አትንኪ፤ በሥራ የምታዪው ካርታና ስም የአንቺ መረጃ አይደለም።

እኛ የምንመርጥልሽ ርዕስ ይህ ነው፦ መዋቅራዊ ፕላኑ በ2019 ዘመኑን ያበቃል። በ25 ሄክታርሽ ውስጥ ፕላኑ ያሰበው የመሬት አጠቃቀም፣ የህንጻ ከፍታና የመንገድ ስፋት ምን ያህሉ ተፈጸመ፣ ያልተፈጸመውስ የቱ ደረጃ ላይ ቆመ? የሚያስፈልግሽ ሦስት ነገር ነው፦ የፕላኑ ካርታ፣ የሰው ስም የተሰረዘበት የግንባታ ፈቃድ መዝገብ፣ በእግርሽ ያሰባሰብሽው። ፖርትፎሊዮውን ስትሠሪ ሦስተኛውን ጨርሰሽዋል። ከዚያ ስምንት ወይም አስር ባለሙያና ባለይዞታ ብታነጋግሪ ይበቃል፤ 300 መጠይቅ አያስፈልግም። የኮሪደሩ ሥራ ሰፈርሽን ነክቶት ከሆነም በዚሁ ውስጥ ይገባል፤ ከፕላኑ ጋር የገጠመና ያልገጠመ ተብሎ ይለካል።

የሕዝብ ቁጥር ስትፈልጊ ጥንቃቄ አድርጊ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ አዲስ አበባን 2,739,551 ብሏታል። ከዚያ ወዲህ የምታዪው ሁሉ ትንበያ ነው። ያ ቆጠራ ደግሞ በቀበሌ ዘመን የተሠራ ነው፤ ቀበሌው ወረዳ ሆኗል፣ ወሰን ተቀይሯል፣ ከ2013 ጀምሮ ለሚ ኩራ ተጨምሮ ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆነዋል። የያኔውን ቀበሌ ከዛሬ ወረዳ ጋር በስም አታጋጥሚ፤ ወሰኑን በካርታ አስቀምጠሽ ካልሆነ ተዪው።

አማካሪሽን በማዕረጉ አትምረጪ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት መዝገቡ ይገኛሉ፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ያማከራቸውን ሦስት ጽሑፎች አውጪና የጥናቱ ገደብ የሚለውን ክፍል አንብቢ። ሦስቱም «መረጃ በማጣት» የሚል ካለበት ተማሪዎቹ እርዳታ ያጡት የት ላይ እንደነበር ይታይሻል። ልታነጋግሪው ስትሄጂ አንድ ገጽ ብቻ ይዘሽ ሂጂ፦ ጥያቄው፣ ካርታው፣ መረጃው ከየት እንደሚመጣ።

መረጃውን ከፕላንና ልማት ቢሮ የምትጠይቂው በትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አብዛኛው ደብዳቤ «ለተማሪዋ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት» ይላል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ተመርቶ ተመርቶ ማንም ዘንድ ይቀመጣል፤ ምን ማውጣት እንዳለበት የተጻፈለት ባለሙያ የለማ። የምትፈልጊውን በስሙ አስጽፊ፦ የትኛው ፕላን፣ የትኛው ሽፋን፣ የየትኛው ዓመት፣ በሼፕ ፋይል ወይም በአውቶካድ፣ ለየትኛው 25 ሄክታር፤ የቦታውን ካርታ አባሪ አድርጊ። መዝገብ ቤት ስታስገቢ በቅጂሽ ላይ ቀንና ቁጥር አስመቺ። በሦስተኛው ቀን ለየትኛው ዳይሬክቶሬት እንደተመራ ጠይቂ፤ ባለሙያው እጅ ሲደርስ ባዶ ፍላሽና ያንን ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። ፋይሉን ስትቀበዪ እዚያው ክፈቺው፣ በየትኛው መነሻ እንደተሠራም ሳትጠይቂ አትውጪ፤ 20137 ነው ወይስ 32637?